ለአንቺ ብለን ነው

ማርገዜን ለመሥሪያ ቤት የተናገርኩት በ16ኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩን በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ጠዋት ሲያቅለሸልሸኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ የማስመለሴ ድምፅ በውሃው እንዲሸፈን። ላቦራቶሪ ውስጥ ሰፊ ነጭ ጋዋን ስለምንለብስ ሆዴን ያየብኝ የለም። ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ ያስፈራራኝ ሰው አልነበረም። ግን ማርገዛቸው ሲሰማ ስማቸው ከሥራ ድልድሉ ላይ ቀስ እያለ የጠፋ ሴቶችን አይቻለሁ። ማንም ምንም ሳይል ነው የሚጠፋው።

አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን ቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው እቅፍ አደረጉኝ። “እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ አለሽ!” አሉኝ። እሳቸውም ሁለት ወልደው አሳድገዋል። ከቢሯቸው ስወጣ ቅልል ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ መሣሪያዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ያ መሣሪያ ናሙና ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ለይቶ የሚያነብ ነው። አሠራሩን በደንብ ለመልመድ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ጠዋት ሲከፈት ድምፁን ሰምቼ ብቻ ዛሬ ደህና ይውላል ወይም ያስቸግራል ማለት እችል ነበር። የማስተካከያ ቁጥሮቹን በእጄ ጽፌ ጎኑ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት እዚያው ናት። ልጁ አፍሮ ብድግ አለ። “አልነገሩሽም እንዴ?” አለኝ።

አለቃዬ ጠሩኝ። “ለአንቺ ብለን ነው” አሉኝ። “ኬሚካሉም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋሉም ለልጁ አይሆንም። እስክትወልጂ መዝገብ ክፍል ብትሆኚ ይሻላል ብለን ነው።”

አመስግኜ ወጣሁ። ምስጋናዬም ከልቤ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ደመወዜ ጎደለ። የማታ ፈረቃ አበሉም፣ ከኬሚካል ጋር ለሚሠራ የሚከፈለው አበልም ቀርቷል። ሄጄ ስጠይቅ “አበሉ የመደቡ ነው፤ አንቺ ደግሞ አሁን መደቡ ላይ የለሽም” ተባልኩ። የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲመጣ ቅጼ ላይ “በመደቧ ላይ ስላልሠራች አልተሞላም” ተብሎ ተጽፏል። ዕድገት የሚታየው ደግሞ በዚያ ምዘና ነው። ወልጄ ስመለስ መሣሪያው የልጁ ሆኗል። “እሱ ለምዶታል እኮ፣ አሁን እንዴት አድርገን እናንሣው?” አሉኝ።

ማንም አልሰደበኝም። ማንም አላባረረኝም። የወሊድ ፈቃድም ከነደመወዙ ተሰጥቶኛል። ለሰው ሳወራው “ታዲያ ምን ጎደለብሽ?” ይሉኛል። ምን እንደጎደለብኝ ለራሴም በወጉ ማስረዳት አቅቶኝ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ሕግ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጠበቃ አይደለሁም። የደረሰብኝ ነገር ስም ይኖረው እንደሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆንሰን ኮንትሮልስ የሚባል የአሜሪካ ባትሪ አምራች ኩባንያ አንድ ደንብ አወጣ። ባትሪ ሲሠራ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ፤ እርሳስ ደግሞ ፅንስን ይጎዳል። ስለዚህ ኩባንያው ሴቶችን ከእርሳስ ሥራ አገደ። ያረገዙትን ብቻ መስሎኝ ነበር ሳነበው። መውለድ እንደማትችል በሐኪም ማስረጃ ያላረጋገጠች ሴት ሁሉ ናት የታገደችው። ከከሳሾቹ አንዷ ሥራዋን ላለማጣት ስትል ዳግም እንዳትወልድ የሚያደርግ ሕክምና ያደረገች ሴት ናት። እዚህ ላይ ደርሼ ትንሽ ቆም ማለት ነበረብኝ። ሌላው ከሳሽ ወንድ ነው። አባት ለመሆን አስቦ፣ ደሙ ውስጥ ያለው እርሳስ እስኪቀንስለት ድረስ ፈቃድ ቢጠይቅ ተከልክሏል። እርሳስ የወንዱንም ዘር ይጎዳል። ደንቡ ግን ወንዱን አላየውም።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1991 ደንቡ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። ወደፊት ስለሚወለዱ ልጆች ደህንነት መወሰን ያለባቸው የሚፀንሷቸው፣ የሚወልዷቸውና የሚያሳድጓቸው ወላጆች ናቸው እንጂ ወላጆቹን የቀጠረ አሠሪ አይደለም አለ። ይህን ያነበብኩ ማታ ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ስንጎራደድ ነበር። የኔን ነገር አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ተናግሮልኛል።

ያው ፍርድ ቤት በ1974 ደግሞ የክሊቭላንድ መምህራንን ጉዳይ አይቷል። የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ያረገዘችን መምህርት፣ ልትወልድ አምስት ወር ሲቀራት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንድትወጣ ያስገድዳት ነበር። ልጇ ሦስት ወር ሳይሞላውም መመለስ አይፈቀድላትም። ማስተማር ትችላለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀኑ ከደረሰ ወጣች ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ሴት ሁሉ በአምስት ወሯ መሥራት አትችልም ብሎ አስቀድሞ መደምደም አይቻልም አለና ደንቡን ሻረው። የእያንዳንዷ ሴት እርግዝና የየራሷ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ እስከ ዘጠነኛው ወር ደረጃ እወጣ ነበር፤ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ግን ከሦስተኛው ወሯ ጀምሮ ተኝታ ነው የወለደችው።

እንዳትሳሳቱኝ። ኬሚካሉ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። አሟሚ ኬሚካል ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ለእኔም ያስፈራኝ ነበር። አንዳንዴ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማልፈው። ከዚያ ሥራ ዞር መደረግን ራሴ ልጠይቅ እችል ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ “የትኛው ሥራሽ ነው የሚያሰጋው? የትኛውን መቀጠል ትፈልጊያለሽ?” አላለኝም። መሣሪያዬ ላይ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው በኮምፒውተር፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። አሟሚ የሚነካው ናሙና ሲዘጋጅ ነው። ናሙናውን ሌላ ሰው አዘጋጅቶልኝ እኔ ማንበብ እችል ነበር። አንድ ወንበርና አንድ ረዳት ይበቃ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2000 ሁለት ሰነዶች አውጥቷል። አንዱ የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 ነው። ሌላው አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 191 ነው። ስምምነቱ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ለጤናዋ ወይም ለልጇ ጎጂ መሆኑ የተረጋገጠ ሥራ እንድትሠራ አትገደድም ይላል። “አትገደድም” የሚለውን ቃል ደጋግሜ አየሁት። ምክረ ሐሳቡ ደግሞ ቅደም ተከተል አስቀምጧል። በመጀመሪያ አደጋው ይመዘናል፤ ውጤቱም ለሴትየዋ ይነገራታል። ከዚያ አደጋው ራሱ ይወገዳል። ካልተቻለ የሥራ ሁኔታዋ ይስተካከልላታል። ያም ካልሆነ፣ ያኔ ነው ወደ ሌላ ሥራ የምትዛወረው፤ ያውም ደመወዟ ሳይነካ። ማዛወሩም ካልሆነ በክፍያ ፈቃድ ትወጣለች። አደጋው ሲያልፍም ወደ ቀድሞ ሥራዋ ወይም ወደ ተመሳሳይ ሥራ የመመለስ መብቷ አይነካም።

እኔ ዘንድ የተጀመረው ከማዛወሩ ነው። ደመወዙንም ነክተውታል።

የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ያወጣው መመሪያም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ማስተካከል፣ ቀጥሎ ማዛወር፣ በመጨረሻ ፈቃድ። አሜሪካ ውስጥ በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ ደግሞ፣ ሌላ የሚቻል ማመቻቻ እያለ አሠሪው ሴትየዋን በግድ ፈቃድ ማስወጣት አይችልም ይላል። ከክሊቭላንድ መምህራን ውሳኔ እስከዚህ ሕግ 49 ዓመት ነው።

ስለ ፈቃዱ ቀናት ደግሞ አንድ ነገር ላንሣ። ልጄ ሐኪሙ ከገመተው ቀን ዘጠኝ ቀን ዘግይታ ነው የተወለደችው። የቅድመ ወሊድ ፈቃዴ አልቆ እኔ ግን አልወለድኩም። የሰው ኃይል ክፍል ዘጠኟን ቀን ከድህረ ወሊዱ ላይ ቀነሳት። እኔ ምጥ እየጠበቅኩ፣ ሌሊት በጎኔ መተኛት አቅቶኝ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ከልጄ ጋር የምሆንባቸው ቀናት ሆነው ተቆጠሩ። ስምምነት 183 ይህንንም አስቦበታል። ልጁ ከተገመተው ቀን ከዘገየ የቅድመ ወሊዱ ፈቃድ በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ከወሊድ በኋላ ያለው የግዴታ ዕረፍት አይነካም። ይህን የጻፈው ሰው የቤቱን ነገር ያውቃል ብዬ ነበር ሳነበው። እናት ቀን እየቆጠረች ስትጠብቅ ያየ ሰው ነው።

ቀናቱ በዓለም ደረጃ ያደጉት በጣም ቀስ ብለው ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ገና በተቋቋመበት በ1919 ዋሽንግተን ላይ ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ ስምምነት ቁጥር 3ን አጸደቀ። ከወሊድ በፊት ስድስት፣ ከወሊድ በኋላ ስድስት፣ በድምሩ 12 ሳምንት። በተጨማሪም ለምታጠባ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። በ2000 ዝቅተኛው መጠን 14 ሳምንት ሆነ። በ81 ዓመት ውስጥ የተጨመረው ሁለት ሳምንት ነው። ምክረ ሐሳቡ 18 ሳምንት ቢሆን ይላል፤ ግን ምክር ነው። ክፍያው ደግሞ ካለፈው ገቢዋ ከሁለት ሦስተኛ እንዳያንስ ነው የሚለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። ስድስት ወር 26 ሳምንት ነው። 14ቱንም ሳምንት ከወሊድ በኋላ ብታደርጋቸው እንኳ 12 ሳምንት ይጎድላል። ያቺ የጎደለችው 12 ሳምንት የምታልፈው ሥራ ቦታ ነው።

የኔ ያለፈችው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ጓንትና የመስታወት ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለን። በሩ ቁልፍ የለውም። ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ፣ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ጡቴን አልባለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ጆሮዬ ግን ኮሪደሩ ላይ ነው። ኮቴ ሲመጣ ወተቱ ቀጥ ይላል። ያጠባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውነት ሲደነግጥ አይታለብም። አንድ ቀን አንድ ባልደረባዬ መካከለኛ ቁጥር ጓንት ፈልጎ አንኳኳ። “አንድ ደቂቃ” አልኩት። “ብቻ አንድ ካርቶን አቀብዪኝ” አለኝ። በአንድ እጄ ልብሴን ይዤ፣ በአንድ እጄ በበሩ ስንጥቅ አቀበልኩት። እሱ ምንም አላጠፋም። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አያውቅም። ያን ቀን ጠርሙሱ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ተመለስኩ፤ ሲመሽ ደረቴ ደንድኖ አተኮሰኝ።

ስምምነቱ ለማጥባት የሚወጣው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላል ይላል። ሰዓቱን እኔም አልተከለከልኩም። የጎደለኝ ቁልፍ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ እዚያው ስለሚገባ። “ታዲያ የሷን ሥራ ማን ይሸፍናል? ማንስ ይከፍላል?” የሚለው ጥያቄ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። አንዲት ትንሽ ድርጅት ለምታርፈዋም ለተተኪዋም ከኪሷ ስትከፍል ይከብዳታል። ሲከብዳት የምታደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲጀመር ወጣት ሴት አትቀጥርም። ማንም በጽሑፍ አያሰፍረውም እንጂ ቃለ መጠይቅ ላይ “ባለትዳር ነሽ? ልጅስ አስበሻል?” የሚባለው ለዚህ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴከር የተባለች ሴት በአንድ የወጣቶች ማዕከል በአሠልጣኝነት ለመቀጠር አመለከተች። የሦስት ወር እርጉዝ መሆኗን ሳትደብቅ ተናገረች። መራጮቹ ከሁሉም የተሻለችው እሷ ናት ብለው ነበር። ግን ፈቃድ ስትወጣ የሚከፈላትን ገንዘብ መድን ሰጪው አይተካልንም፤ ተተኪ ለመቅጠር አቅም አይኖረንም ብለው ሳይቀጥሯት ቀሩ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1990 ይህ ቀጥተኛ የፆታ አድልዎ ነው አለ። የገንዘብ ኪሳራ መኖሩ አድልዎውን ትክክል አያደርገውም። ከሌላ ወንድ አመልካች ጋር ማወዳደርም አያስፈልግም፤ የሚያረግዘው ሴት ብቻ ስለሆነች።

ውሳኔው ያስደስተኛል። ግን ማዕከሉ ውሸት አልተናገረም። ገንዘቡ በእርግጥ አይተካለትም ነበር። ለዚህ ነው ስምምነት 183 ውስጥ ብዙ ሰው የማያወራለትን አንድ አንቀጽ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው። አንቀጽ 6 ክፍያው በመርሕ ደረጃ ከግዴታ ማኅበራዊ መድን ወይም ከሕዝብ ገንዘብ ይምጣ፤ አሠሪው ለብቻው አይሸከመው ይላል። ልጁ የሁላችንም ከሆነ ወጪውም ይከፋፈል ማለት ነው። ክፍያው አሠሪው ትከሻ ላይ ብቻ በተጫነበት ቦታ ሁሉ፣ አሠሪው መልሶ ሴቷ ላይ ያወርደዋል። አንዳንዱ ባለመቅጠር ነው። አንዳንዱ ዕድገት በማስቀረት። አንዳንዱ “ለአንቺ ብለን” በማለት።

ማስረጃ ነገር ደግሞ አለ። ስምምነቱ ነፍሰ ጡርን፣ ፈቃድ ላይ ያለችን ወይም በቅርቡ የተመለሰችን ሴት ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ ምክንያት ማሰናበት ይከለክላል። ምክንያቱ ሌላ ነው ከተባለም የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ትልቅ ነገር ነው። የሥራ ውሏ የተቋረጠባት ሴት፣ ሕፃን ታቅፋ፣ የአለቃዋን ልብ ማስረዳት አይጠበቅባትም። ግን ይህ የሚሠራው ለስንብት ነው። ለመሣሪያ፣ ለአበል፣ ላልተሞላ ምዘና ማን ያስረዳል? እኔ ጋ የነበረው ሁሉ በቃል ነው የተነገረኝ። የተዛወርኩበት ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ ቢኖር ደመወዜ እንደሚቀንስ መጻፍ ነበረባቸው፤ ሲጽፉት ደግሞ ያዩት ነበር። አለቃዬ ያን ደብዳቤ ቢፈርሙ ኖሮ እጃቸው የሚይዛቸው ይመስለኛል። ስለዚህ እርጉዝ ለሆነች ሁሉ የምነግራት አንድ ነገር ነው፤ ማርገዝሽን በጽሑፍ አሳውቂ፣ ቀን አስፍሪበት፣ ኮፒውን ቤትሽ አስቀምጪ። የሚወስኑልሽንም በጽሑፍ ጠይቂ።

ዛሬ እኔ የፈረቃ አስተባባሪ ነኝ። ባለፈው ወር ከፈረቃዬ አንዷ ልጅ ሥራ ስንጨርስ ጠብቃ “ላናግርሽ?” አለችኝ። ጋዋኗን አላወለቀችም። ሳትናገር ገባኝ። ጥርሷን ነክሳ ነው የነገረችኝ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው። እንኳን ደስ አለሽ ካልኳት በኋላ አፌ ላይ የመጣው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? “ከነገ ጀምሮ አሟሚው ጋ እንዳትደርሺ” ነው። ከኔ አፍ። ወደኋላ መለስኩትና “አንቺ እንዴት ቢሆን ትፈልጊያለሽ?” አልኳት።

ዝም አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት እንዳልነበረ ያስታውቃል። ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች። ከባዱን ጄሪካን ማንሣት እንደማትፈልግ። ናሙና ማዘጋጀቱን ሌላ ሰው ቢይዝላት። ለክትትል ጠዋት ላይ ስትሄድ ከዓመት ፈቃዷ እንዳይቆረጥባት። የማታ ፈረቃን ለጊዜው መቀጠል እንደምትችል፤ ካቃታት እንደምትናገር። መሣሪያው ግን በስሟ እንዲቆይ።

አንድ በአንድ ጻፍኩት። ለምዘናዋም አንድ መስመር ጨመርኩ። ለዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ቁልፍ ይገጠም ከሚለው ጋር አንድ ላይ አድርጌ ጥያቄውን ለአለቃዬ አስገባሁ። እዚያው እፊታቸው ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበቡት። “አበሏም ይቀጥል ነው የምትይው?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ምን እንዳስታወሱ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቁልፉ ባለፈው ሳምንት ተገጥሟል። ደብዳቤዋ ፊርማ እየጠበቀ ነው። እሷ 22ኛ ሳምንቷ ላይ ናት፤ ዛሬ ጠዋት መሣሪያዋን ራሷ ከፈተችው።